የአቶ አብተው ዝላይ

መሰለች መጀመሪያ ያስተዋለችው ባርኔጣውን ነበር። የናዝሬት የሚያዝያ ፀሐይ የአስፋልቱን ሬንጅ ያለሰልሳል፤ ውሻ እንኳ የአጥር ጥላ እየመረጠ ነው የሚሄደው። አቶ አብተው ገሠሠ ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ መሸሽ የጀመረ ፀጉራቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ በመንገዱ መሐል ይሄዱ ነበር። ባርኔጣው ደህና ባርኔጣ ነው፤ ግራጫ፣ ጥቁር ጥብጣብ የዞረበት፣ ሳይደረግ ያረጀ። ከቀብር የሚመለሱ መሰላት። በማግስቱም እንደዚያው አየቻቸው። በሦስተኛው ሳምንት፣ «በዚህ ከተማ የሚሞተው ሰው በዛ» አለች በልቧ።

ጊዜው 1972 ዓ.ም. ነው። መሰለች ከዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምራ ወጥታ ናዝሬት የተመደበች መምህርት ናት። አቶ አብተው እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራሉ። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደፍራ ጠየቀቻቸው።

«ጋሽ አብተው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ባርኔጣውን ለምን አያደርጉትም?»

ሁለት ጣታቸውን ከግራ ቅንድባቸው በላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«የሃምሳ ሁለቱ።»

ደወል ተደወለ። ካርታቸውን ጠቅልለው ወደ ክፍል ገቡ።

የቀረውን የነገራት ከተማው ነው። በ1952 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የባቡር ጣቢያው ቡድን ከስኳር ፋብሪካው፣ ከሸንኮራው ቡድን ጋር ተጋጠመ። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ያኔ ትኬት ቆራጭ የነበሩት አብተው ከኮርና የተሻማች ኳስ ላይ ዘለው በቴስታ አገቡ። አንድ ለባዶ። ጣቢያው ከዚያ በፊት ሸንኮራውን አሸንፎ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላሸነፈም። በዓመቱ የአንድ ሐዲድ ጠባቂ ልጅ ወይዘሮ ጥሩነሽ ለአብተው የተዳሩት በዚያች ጎል ነው ይባላል። ሻይ ቤት ሲገቡ እስካሁን ወንበር የሚለቅላቸው አይጠፋም። ያኔ ያልተወለዱ ልጆች እንኳ በመንገድ ሲያዩዋቸው «ሰማንያ ዘጠኝ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ደቂቃዋን ነው። ባርኔጣ ቢያደርጉ ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ይሸፈናል።

ከተማው እምብዛም የማያውቀው፣ አቶ አብተው አንድ ማኅበር የሚመሩ መሆናቸውን ነው። የናዝሬትና አካባቢው የስፖርት ታሪክ ጥናት ማኅበር። አባላቱ ሰባት ናቸው። መሰለች ስትገባ ስምንት ሊሆኑ ነበር፤ በዚያው ሳምንት አንዱ ወደ አሰላ ስለተዛወረ ሰባትነቱ አልተነካም። እሷ ወዲያው ጸሐፊ ሆና ተመረጠች፤ ሌሎቹ ሁሉ እጃቸው ጽሑፍ ላይ ደካማ ነው ተባለ።

ከአብዮቱ በኋላ ማኅበሩ እንደገና ሲመዘገብ የሆነውን እየደጋገሙ ያወራሉ። የቀበሌው ሰው ማመልከቻውን አንብቦ ሲጨርስ ጣቱን አንድ ቃል ላይ አሳረፈ።

«ሊቀመንበር የሚለውን ብታስቡበት» አለ። «አንድ አለን።»

አቶ አብተው ሰርዘው «ሰብሳቢ» ብለው ጻፉ።

«የምታጠኑት ታሪክ የማን ነው? የየትኛው መደብ?»

«የተሸናፊው» አሉ አቶ አብተው።

ሰውየው ደስ ብሎት ማኅተሙን አሳረፈ።

እሳቸው ግን ቀልድም ብልጠትም አልነበራቸውም፤ የተናገሩት የመተዳደሪያ ደንባቸውን አንቀጽ ሰባት ነው። አንቀጹን ራሳቸው ናቸው ያረቀቁት፤ መሰለች መጀመሪያ ያነበበችው ቀን ወረቀቱን ይዛ መስኮት ድረስ ሄዳ ነበር፣ በደንብ እንዲታያት። እንዲህ ይላል፦ «አንድ ጎል በታሪክነት የሚመዘገበው ሦስት ምስክር ሲገኝለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ጎሉ ከገባበት ወገን ይሁን። ምስክሮቹ የተለያዩ እንደሆነ ጎሉ የገባበት ሰው ቃል ይጸናል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና።» አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ስለ ማስረጃ የሰማችው ሁሉ በዚያች ተረት ውስጥ ታጥፎ ተቀምጦ አገኘችው።

ስብሰባው በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ፣ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሚማሩበት አዳራሽ ነው። ሰሌዳው ላይ «ሀ ሁ ሂ» ተጽፎ ይቆያቸዋል፤ እንዳይጠፋ አደራ ስላለባቸው የራሳቸውን ነጥብ የሚጽፉት ከጥግ በኩል ነው። ጥናት አቅራቢ አርባ አምስት ደቂቃ አለው። ሲያበቃ አቶ አብተው ፊሽካ ይነፋሉ። ጭማሪ የሚሰጡት አቅራቢው ውሃ ከጠጣ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ መሰለች ስለ ጋሪ ፈረሶች እሽቅድምድም፣ በገና ጨዋታ ላይ ስለጠፉ የሩር ኳሶች፣ ጣቢያው አጠገብ ሜዳው ላይ ስለበቀለ አንድ ግራርና እሱ ጋርዷቸው ስለተሳሳቱ ዳኞች ቃለ ጉባኤ ይዛለች። ከቃለ ጉባኤዎቹ ሁሉ ግርጌ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ይላል።

በ1974 ሚያዝያ ማኅበሩ የመጀመሪያውን መጽሔት ሊያወጣ ተነሣ። ግንቦት ላይ የአውራጃው የስፖርት በዓል አለ፤ መቶ ቅጂ በስቴንስል ተባዝቶ እዚያ ይታደላል። የፊተኛው ገጽ ምን እንደሚሆን የጠየቀ የለም። የሃምሳ ሁለቱ ጎል ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ከአባላቱ፣ ኮርናዋን ያሻሙት ፀጉር አስተካካዩ ብዙነህ መስክረዋል፤ የያኔው የጣቢያ ኬላ ጠባቂ አቶ ገመቹ መስክረዋል። ከሸንኮራው ወገን ግን ማንም አልተጠየቀም።

«በረኛቸው መርጋ ደራ አለ ይባላል» አሉ አቶ አብተው። «ወፍጮ ቤት ከፍቷል።»

«ተወው እንግዲህ» አሉ ብዙነህ። «አገር ያወቀውን! ዶሮ ሲጮህ ነጋ ለማለት ምስክር ልንጠራ ነው?»

«ዶሮው የኛ ነው። ከነሱ ሰፈርም ይጩህ።»

ደንቡ ምስክርነት በጸሐፊ ፊት ይሰጥ ስለሚል፣ በማግስቱ እሑድ መሰለች ከአቶ አብተው ጋር ደራ ወረደች። አውቶቡሱ መልካሳን ሲያልፍ እሳቸው ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጥብጣቡን በአውራ ጣታቸው ያሹ ነበር። እንደ ሙሽራ ሚዜ ጸድተው ነው የወጡት።

ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። በሩ ላይ እህል የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ውስጥ ሞተሩ ምድሩን እያንቀጠቀጠ፣ ከጫማው እስከ ሽፋሽፍቱ ዱቄት የለበሰ ረጅም ሰው ቆሟል።

«አካም ጅርታ፣ ያ አብተው!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታውን ጮኸ። «ሸበትክ!»

«አንተስ!» ብለው ጮኹ አቶ አብተው።

«የኔ ዱቄት ነው!»

የመጡበትን በጩኸት ነገሩት። አልሰማም። ደግመው ጮኹ። መርጋ እጁን አራግፎ ሞተሩን አጠፋው፤ ዝምታው እንደ ጆንያ ዱብ አለ።

«ምን ሆነ?» አለች ከሰልፉ ፊት የቆመችው ጉዲቱ የምትባል ሴት። «ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። የኳስ ጉዳይ ነው።»

«የኳስ! ልጆቼ ዛሬ ማታ የሚበሉት ጎል ነው?»

«አንድ ጊዜ ታገሺኝ፣ ጉዲቱ። የታሪክ ሰዎች ናቸው።» ወደ አቶ አብተው ዞረ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ?»

«ዛሬ ገና ነው። ጎሉን ማን አገባው? እንዳየኸው ብቻ ተናገር።»

መርጋ የወፍጮውን በር እንደ ጎል ቋሚ ተደገፈ።

«ኳሷ ከኮርና መጣች። አንተ ዘለልክ። እኔ ወዳንተ ሄድኩ። አንተ አልደረስክባትም። ኳሷ ካንተ ኋላ የራሴን ተከላካይ፣ ደገፋን፣ ጉልበቱን መታችው፤ ከዚያ ገባች። ያገባው ደገፋ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና።»

የመሰለች እርሳስ ቆመ። አቶ አብተውን ቀና ብላ ማየት ፈራች። ሴቶቹ ሰልፋቸውን ትተው ተጠግተዋል።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ አቶ አብተው፤ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ የወንዝ ስም የሚጠይቁበት ድምፅ ነው።

«ወዳጄ፣ እኔ እኮ ነኝ የገባብኝ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ? ደሞስ ደገፋ እያለቀሰ ለመነኝ። እናንተ ‹አብተው! አብተው!› እያላችሁ ስትጨፍሩ ጊዜ ሰውየው እፎይ አለ። እስኪሞት ድረስ፣ ‹አብተውን እግዜር ይስጠው› ይል ነበር።»

«እና እኚህ ሰውዬ ምንም አልሠሩም?» አለች ጉዲቱ፣ በአገጯ እያመለከተች።

«ዘለሉ እንጂ! ጉድ የሆነ ዝላይ ነው። ባይዘሉማ ኳሷን ይዤያት ነበር።»

አቶ አብተው ለመሰለች «ጻፊ» አሏት። ጻፈች። መርጋ ፈረመ፤ ከፊርማው ጎን ነጭ የጣት አሻራ ቀረ። ሞተሩ ሲነሣ ወጡ።

በመመለሻቸው አውቶቡሱ የአዋሽን ድልድይ ተሻገረ። ከዚያ መሰለች ሳትጠይቅ ማለፍ አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ኳሷ ነክታዎት ነበር?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አሉ። «ግንባሬን የመታኝ ነገር አለ። አሁን ሳስበው የደገፋ ክርን ይሆናል።»

«ታዲያ ያኔ...»

«ዓይኔን ስገልጥ ሰው ትከሻ ላይ ነኝ። የተሸከሙሽን ሰዎች አውርዱኝ ትያለሽ?»

መሰለች መስኮቱን ከፈተች። መርጋ የፈረመበትን ገጽ ቀድዶ ለነፋስ መስጠት ቀላል ነበር፤ ምስክሩ ደግሞ አንድ ነው፣ ወፍጮ ውስጥ ያለ። እሳቸው ምን እንዳሰበች ያወቁ ይመስል ደብተሯን ከጭኗ ላይ አንስተው፣ ከባርኔጣው ውስጥ አስቀመጡት። እስከ ናዝሬት እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘውት ሄዱ።

ለቅዳሜው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሰኞ ስቴንስሉ መቀረጽ አለበት። መሰለች ምስክርነቱን አነበበች። ሰሌዳው ላይ የዚያ ሳምንት ፊደል «ዘ ዙ ዚ» ነበር።

«ውሸታም!» አሉ ብዙነህ ተነሥተው። «ያኔም ውሸታም ነበር! ኮርናዋን ያሻማሁት እኔ ነኝ፤ አብተው ራስ ላይ ነው ያስቀመጥኳት!»

«ጓድ ብዙነህ፣ በሥርዓት» አሉ አቶ አብተው።

«ምን ጓድ ጓድ ትለኛለህ፣ አብተው! ያንተን ጎል እኮ ነው የምሟገትልህ!»

አቶ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አንቀጽ ሰባትን እናሻሽለው» አሉ ረጋ ብለው። «‹የተወጋ አይረሳም› ይላል። የተወጋ ቂም ይይዛልም ብለን እንጨምር። ከዚያ የሱ ቃል ይወድቃል።»

ሐሳቡ ተደገፈ። አምስት እጅ ወጣ። መሰለች እጇ ሳታውቀው ስድስተኛ ሆኖ ወጥቶ አየችው። አቶ አብተው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጉ ቆጠሩ።

«ስድስት። ደንብ ማሻሻያ ከሠላሳ ቀን በፊት በጽሑፍ ይቀርባል። አንቀጽ አሥራ አንድ። ሐሳቡ ለሰኔ ተይዟል።»

«ሰኔ መጽሔቱ ታድሎ ያልቃል እኮ!» አሉ ብዙነህ።

አቶ አብተው ፊሽካውን ነፉ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ፣ ከጽሕፈት ቤቱ በተዋሱት የጽሕፈት መኪና መሰለች ስቴንስሉን ስትመታ እሳቸው ቆመው ነገሯት። «ጣቢያ አንድ፣ ሸንኮራ ባዶ። ጎሉ በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ፣ ደገፋ፣ በራሱ ግብ ላይ።» ትንሽ አሰቡ። «‹በአጋጣሚ› የሚል ጨምሪለት።»

ጨመረች። ጣቶቿን ከመኪናው ላይ አላነሣችም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል? ብዙነህ ዘለሉ ብለዋል። አቶ ገመቹ ዘለሉ ብለዋል። መርጋም ብለዋል። መርጋ ደግሞ ጎሉ የገባባቸው ናቸው።»

አቶ አብተው ወደ ጣራው ቀና ብለው ቆዩ፤ አንቀጹን ቃል በቃል የሚያልፉበት ይመስሉ ነበር።

«ሦስት ምስክር» አሉ በመጨረሻ። «ከተቆጠረበት ወገን አንድ። ይሟላል። አስገቢው።»

«አብተው ገሠሠ ዘለው ነበር» ብላ መታች። የመኪናው ደወል ጮኾ መስመሩ ሲያልቅ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ስቴንስሉን እንዳያረጥብ ፊቷን ዘወር አደረገች። እሳቸው «‹ነበር›ን አጥፊው፤ ዘለዋል ይበቃል» አሉ። ማጥፊያ ቀለሙን ቀብታ፣ እስኪደርቅ እፍ ብላ፣ አረመችው።

በሩን ቆልፈው ወጡ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። በትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ቆሙ፤ እሷ ወደ ገበያ፣ እሳቸው ወደ ጣቢያው ሰፈር ናቸው።

«ለወይዘሮ ጥሩነሽ ነገሯቸው?» አለች።

«ዛሬ ጧት ነገርኳት።»

«ምን አሉ?»

«‹ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በደገፋ ጎል ነው እንዴ የኖርኩት?› አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ረጅም ሳቅ። ከዚያ፣ ‹እንግዲያው ባርኔጣህን አድርግ፣ ፀሐዩ አናትህን ጨረሰው› አለችኝ።»

በእጃቸው የያዙትን ባርኔጣ እንደ አዲስ ዕቃ አገላብጠው አዩት። አደረጉት። ግንባራቸው ላይ ትንሽ ጠበበ መሰል፣ ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት፤ እንደገና ወደ ፊት መለሱት፣ እስከ ቅንድባቸው።

«ደህና ዋይ፣ መሰለች። ቅጂዎቹን ስትደርቢ ገጹ እንዳይገለበጥ።»

ሄዱ። መንገዱ ዳር ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። አንዱ ቀና ብሎ አያቸው፣ ባርኔጣ ያደረገውን ሰው አላወቀውም፣ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። አቶ አብተው ኳሷ እስክታልፍ ቆሙላቸው፤ ከዚያ ሜዳቸውን በዳር ዞረው ወደ ሐዲዱ አቀኑ።