የኳስ ግንቡ ወለል

አርባ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው የሕንፃ ንድፍ መማር የጀመርኩት። አስተማሪያችን አንድ አሮጌ ግንባታ ለክተን እንድንስል ሲያዝዘን፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ጓሮ ያለውን ከድንጋይ የተሠራ የኳስ መጫወቻ መረጥኩ። ጣሪያ የለውም። ፊት ለፊት ከፍ ያለ ግንብ፣ ከግራና ከቀኝ ወደ ኋላ እያጠሩ የሚሄዱ ሁለት ግድግዳዎች። የድሮ ተማሪዎች ኳሷን በመዳፋቸው እየመቱ ከግንቡ ጋር ያጋጯት ነበር።

ልኬቱ ልክ አይደለም ተብሎ ሥራዬ ተመለሰብኝ። ካላረምኩት ክፍሉን እደግማለሁ፤ በሚቀጥለው ተርም ደግሞ የሥራ ሺፍቴ አይፈቅድልኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሜትሩን የያዙልኝ የትምህርት ቤቱ የጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ አገር ቤት ግንበኛ የነበሩ የጎንደር ሰው።

«ጋሼ፣ ግንቡ በግራ በኩል ሦስት ኢንች ይረዝማል። ስለዚህ አማካዩን ወሰድኩ።»

«ለማን አዝነሽ ነው? ለረጅሙ ወይስ ለአጭሩ?»

ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አምጥተው ውሃ ሞሉበት። አንዱን ጫፍ እሳቸው በቀኝ፣ ሌላውን እኔ በግራ ግንቡ ላይ ያዝን። ውሃው ሲረጋ በሁለቱም ጫፍ እኩል ቆመ። ከውሃው ወደ ላይ እስከ ግንቡ አናት ለካን፤ እኩል ነው። ወደ ታች እስከ ወለሉ ለካን፤ በእኔ በኩል ሦስት ኢንች ይበልጣል።

«አናቱ ምን አጠፋ? እግርሽ ሥር እዪ።»

ወለሉ ዝናቡ ወደ ግራ እንዲወርድ ሆን ተብሎ ዘመም ተደርጎ ነው የተነጠፈው። እኔ አማካዩን በመውሰዴ ያጠፋሁት የድሮውን ግንበኛ ሐሳብ ነበር።

ግንቡ መሀል ላይ ኳስ ሲያርፍበት የኖረው ድንጋይ ለስልሷል። መዳፌን ጣል አደረግሁበት።

«ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?»

«በኳስ ዕድሜዬ ትምህርት ቤት አልገባሁም።»

«አሁንስ ማን ከለከለሽ?»

«ጉልበቴ።»

ሳቁ። እኔ ግን ደወል ሲደወል ላቤን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ወደ ክፍል መሮጥ አማረኝ። ዘግይታ የምትማር ሴት ብዙ ነገር ታካክሳለች፤ ይህን ግን ከየትም አታመጣውም።

ንድፍ ላይ ለመጠን ማነጻጸሪያ አንድ ሰው ይሳላል። የክፍል ጓደኞቼ ቁመተ ረጅም ወንድ አቆሙ። እኔ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ሳልኩ።

አስተማሪው ዘመም አድርጌ ያረምኩትን የወለል መስመር እስከ ግራው ጥግ በጣቱ ተከትሎ ሲያበቃ ማለፊያዬን ጻፈልኝ። ወረቀቱን ሊመልስልኝ ሲል ዓይኑ ልጅቷ ላይ አረፈ።

«ልጅቷ ኳስ የላትም» አለ።

«ተራዋን እየጠበቀች ነው» አልኩት።