ጨረሩና መዝገቡ

የጋራዡ መካኒኮች «መዝገቡ» ይሉታል። ሃያ ስድስት ዓመት የመለዋወጫ ክፍሉን ሲጠብቅ አንድም ቀን ወረቀት አገላብጦ አያውቅም። «የኋላ ጎማ ኩሽኔታ» ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ እጁ መደርደሪያው ላይ ነው። ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም። መልከ መልካም አይደለም፣ ጨዋታ አይችልም፣ ልጁ እንኳ አትፈራውም።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን መደርደሪያዎቹ መሀል ድርቅ ብሎ ይቀራል። ምን ሊያወጣ እንደገባ ይጠፋዋል። ባለፈው ሳምንት ቺንጊያ ተጠይቆ ካንዴላ ይዞ ወጣ።

«መዝገብዬ፣ ገጹ ተቀደደ እንዴ?» አለው ቀጫጫው መካኒክ።

ሁሉም ሳቁ። አብሯቸው ሳቀና ቺንጊያውን ሊያመጣ ተመለሰ።

ወሬው ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ገባ። «እስከ ወሩ መጨረሻ አይሃለሁ። ካልተስተካከልክ በር ላይ ትቀመጣለህ» አለው። በር ላይ መቀመጥ ማለት መኪና ሲመጣ ሰንሰለት ማውረድ፣ ሲያልፍ መልሶ ማንሳት ነው። ሌላ የለውም።

ሚስቱ ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም።

«ስልኩ ነው! ቀኑን ሙሉ ጆሮህ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ጨረሩ አንጎልህን እንደ ነቀዝ እየቦረቦረው ነው። በሬዲዮ ሰምቻለሁ።»

«ሬዲዮውስ ጨረር የለውም?» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ዝም በይ!» አሏት ሁለቱም ባንድ አፍ።

ሚስቱ ስልኩን በፎይል ጠቀለለችለት። ስልኩ መጥራት አቆመና መካኒኮቹ «አይነሳም» ብለው ከሰሱት። ፎይሉን ፈቶ ወደ ግራ ጆሮው አዞረው። ግራው ደግሞ በደንብ አይሰማም፤ «ምን? ምን አልክ?» ሲል ውሎ ጉሮሮው ደረቀ።

ቢቸግረው ሐኪም ዘንድ ሄደ። ግማሽ ቀን ተሰልፎ ገባ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጨረሩ ነው ወይስ አይደለም?»

«የስልክ ጨረር ደካማ ነው። ማስታወስን እንደሚጎዳ እስካሁን አልተረጋገጠም። ጥናቱ ግን አላለቀም» አለች ወጣቷ ሐኪም።

«እና ነጻ ነው?»

«እንደሱ ብዬም አልምልልዎትም።»

አዎ ቢሉት ስልኩን ይጥል፣ አይደለም ቢሉት ሚስቱን ዝም ያሰኝ ነበር።

«በቀን ስንት ጊዜ ይደወልልዎታል?»

«ማን ቆጥሮት! ድሮ መስኮቴ ድረስ በእግራቸው ይመጡ ነበር። አሁን መኪና ሥር ተኝተው ነው የሚደውሉት።»

«ዕቃ ሊያወጡ ሲሄዱም ይደውሉልዎታል?»

ትዝ አለው። ካንዴላውን ይዞ በወጣ ቀን፣ መደርደሪያው ጋ ሳይደርስ ሁለቴ ተደውሎለት ነበር።

«እስቲ እሱን አስቀርተው ይሞክሩ። ካልተሻለዎት ይመለሱና እንመረምርዎታለን።»

በማግስቱ ስልኩን አጠፋ። መካኒኮቹ እያጉረመረሙ በእግራቸው መጡ። እስከ ረፋድ አሥራ አንድ ዕቃ አወጣ፤ አንዱንም አልሳተም። ያኔ ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ ላይ ተከሰተ።

«ስልክህን ለምን ዘጋህ?»

«የሚያስረሳኝ እሱ ነው ጌታዬ።»

«ጨረሩ ነው አይደል? እኔም ጠርጥሬ ነበር። የሐኪም ወረቀት አምጣና እንነጋገራለን።»

«ጨረሩስ አልተረጋገጠም። ጥሪው ነው። ሐሳቤን ይቆርጠዋል።»

«ጥሪ?» ሳቀ። «ጥሪ ደግሞ ማንን ጎዳ? በል ክፈተው!»

ከፈተው። ወዲያው ጮኸ። መዝገቡ ስልኩን ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ አኖረና ቀደም ሲል የተጠየቀውን ፍሪሲዮን ሊያወጣ ገባ።

«ሄሎ? የምን ኩሽኔታ? ቆይ... ሌላ እየገባ ነው... ሄሎ?»

መዝገቡ ፍሪሲዮኑን ይዞ ሲመለስ ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን እያሸ ነበር።

«ምን ነበር ልልህ የመጣሁት?»

መዝገቡ አፍጥጦ አየው። አሁንማ ገባው ብሎ ጠበቀ።

«ለማንኛውም ስልክህ እንዳይዘጋ» አለና ሥራ አስኪያጁ ስልኩን መልሶለት ሄደ።

ስልኩ እጁ ውስጥ እንደገና ጮኸ። ቀጫጫው መካኒክ ነበር፤ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ «አንሳው እንጂ!» እያለ እጁን ያወዛውዝለታል።