በአባ ተክሌ ጋቢ ላይ ያለው የእኔ ፈትል

አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ጋቢ ልገዛ ስገባ እንደ ሰው ጥለቱን አላይም። እጄን በጨርቁ ላይ አሳልፌ ጉብታ እፈልጋለሁ። ባለፈው አንዱ ነጋዴ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «እትዬ፣ ጋቢ ነው የሚገዙት ወይስ ምስር ነው የሚለቅሙት?» አለኝ። አጠገባችን የነበሩት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እኔ የምፈልገው ጉብታ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የነበረውም በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ የሰፈራችን የነፍስ አባት አባ ተክሌ ነበሩ። ደመወዝ አላቸው ቢባልም እሳቸውንና ባለቤታቸውን የሚያኖር አልነበረም። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሰው ባዋሳቸው ቁራሽ መሬት ላይ በቆሎ ይዘሩ ስለነበር ጠዋት መስቀል የያዘው እጃቸው ከሰዓት መኮትኮቻ ይይዛል። ግንባራችንን ሲባርኩን መዳፋቸው ሸካራ ነው፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። አርባ ምንጭ ሙቀት ነው፣ ጋቢ ለምን አስፈለጋቸው ትሉ ይሆናል። አባ ግን በየሁለት ሳምንቱ ካህን የሌላትን አንዲት የደጋ ቤተ ክርስቲያን ለማገልገል በጨንቻ መንገድ በእግራቸው ይወጡ ነበር። እዚያ ጉሙ ፀሐይ ወጥቶም አይለቅም። የሚለብሷት ጋቢ ደግሞ ከማርጀቷ የተነሣ ከወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ታሳያለች።

አንድ ሰንበት አባ እየሳሉ ቀድሰው ሲወጡ የጽዋ ማኅበሩ ሴቶች ተነጋገሩ። እያንዳንዱ ቤት አምስት ልቃቂት ፈትሎ ያመጣል፤ ከሲቀላ በላይ ያለው የዶርዜ ሸማኔ ይሸምነዋል። እናቴ ያን ቀን ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «እኛ ሞቆን ተኝተን እሳቸውን ለእኛ ሲሉ ብርድ ይጨርሳቸው? እኛ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነን?» ብላ ጥጥ መዳመጥ ጀመረች። ለጋቢ ወፈር ያለ ፈትል ይበቃል፤ እሷ ግን ለነጠላ በሚሆን ቅጥነት ፈተለችው።

ችግሩም ይኸው ነበር። ለጥምቀት ነጠላ ቃል ገብታልኝ ነበር። በየማታው እንዝርቷ ሲሾር እያየሁ «የእኔስ?» እላለሁ፤ «የአባ ይቅደም» ትለኛለች። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጓደኞቼ የጥምቀት ልብሳቸውን አዘጋጅተዋል። አባን ጠላኋቸው። እውነቴን ነው፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ያቺ ያለቀች ጋቢያቸው እናቴን ስለወሰደችብኝ ቀናሁባቸው።

እኔም በዚያ ሰሞን መፍተል እለማመድ ነበር። የእኔ ፈትል አንዱ ጋ ገመድ፣ አንዱ ጋ ፀጉር ያክላል፤ ጥጡን በደንብ ስለማላጸዳው ቢጫ ነው፣ የፍሬ ስባሪም አለበት። እናቴ አምስቱን ልቃቂት አስይዛ ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ቤት ስትልከኝ የእሷን በደብተር ቦርሳዬ ከተትኩና የራሴን አምስት ይዤ ሄድኩ። ሰብሳቢዋ እጇ ሊጥ ነክቶ ስለነበር «እዚያ ከረጢት ውስጥ ጨምሪው፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ጨመርኩት።

ከዚያ በኋላ የእናቴን ልቃቂት አንድ በአንድ እያወጣሁ እኔ የፈተልኩት አስመሰልኩ። መጀመሪያ በጣቶቿ እያገላበጠች አየችው። ቀጥላ እልል አለች። «እጇ ተፈታ!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ከራሷ ጨምራም ነጠላዬን አሸመነችልኝ።

የአባ ጋቢ የተሰጣቸው በኅዳር ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ዛፍ ሥር ነበር። ሲዘረጋ መሐል ለመሐል ስንዝር የሚሰፋ ቢጫ ጎርባጣ መስመር ወጣ። ሰብሳቢዋ ሸማኔውን አፈጠጠችበት። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ፣ «እኔ የሰጣችሁኝን ነው የሸመንኩት» አለ። የሴቶቹ ዓይን ሁሉ ወደ እማማ ባሎቴ ዞረ።

እማማ ባሎቴ ከእኛ ግቢ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ የደጋ ሴት ነበሩ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ፈትሉን በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር የሚፈትሉት። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጡት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው «እኔ ያለኝ እጅ ነው» ይሉ ነበር። ያን ቀን ጎንበስ ብለው መስመሩን ዳሰሱት።

«የእኔ ነው መሰል» አሉ። «ዓይኔ ከዳኝ። አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

የእሳቸው አልነበረም። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ቀሚሳቸው ይነካኛል። የእኔ ነው ማለት ሲገባኝ አቀረቀርኩ። አባ ጋቢውን አጣጥፈው መስመሩ በትከሻቸው ላይ እንዲውል አድርገው ለበሱና፣ «እማማ፣ ወፍራሙ ነው የሚያሞቀኝ፤ ይፍታሽ» አሉ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። እማማ ባሎቴ ግን እያለቀሱ ሄዱ።

በዓመቱ ሴቶቹ ለአባ ባለቤት ነጠላ ሊፈትሉ ሲነሡ እማማ ባሎቴ እንደ ልማዳቸው የሚፈተለውን ባዘቶ ጥጥ ሊቀበሉ መጡ። ሰብሳቢዋ በደግነት፣ «እማማ፣ እርስዎ ይረፉ፤ የእርስዎን እኛ እንፈትላለን» አለቻቸው። «እሺ» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ እንዝርት ሲያሾሩ አላየኋቸውም። ያለቻቸውን አንዲት ስጦታ የነጠቅኋቸው እኔ ነኝ። ንስሐ ስገባ ለአባ ስለ ስድብና ስለ ጾም መግደፍ እነግራቸው ነበር፤ መስመሩ ትከሻቸው ላይ እያየኝ ዋናውን እውጣለሁ። መጀመሪያ እማማ ባሎቴ አረፉ፤ አባም እኔ ለትምህርት ሌላ ከተማ ሳለሁ አረፉ።

ዛሬ የእኛ ማኅበር ለካህናቱ ልብስ ከሱቅ ነው የሚገዛው። ጥሩ ጋቢ ነው፣ ልስልስ ያለ፤ የማን እጅ እንዳለበት ግን አይታወቅም፣ የሚያፍርበትም የሚኮራበትም የለም። እኔ ከሁሉ ቀድሜ አዋጣለሁ። ሴቶቹ ለጋስ ይሉኛል፤ በተባልኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ባለፈው ጥምቀት ልጄ ከእናቴ ሣጥን ያቺን ነጠላ አውጥታ ለበሰቻት። ልክክ አለችባት። «ምን ዓይነት ቀጭን ፈትል ነው! ማነው የፈተለው?» አለች።

እናቴ አርጅታለች፤ መፍተል ከተወች ቆይታለች። ጫፉን በጣቶቿ እየዳሰሰች ፈገግ አለችና፣ «እናትሽ ናት፤ ያኔ አንቺን ታክል ነበር» አለቻት።

ልጄ በኩራት ዞር ብላ አየችኝ። ሁለቱም እስክናገር ጠበቁ። እኔም ያኔ ዛፉ ሥር እንዳደረግኩት አቀረቀርኩ።