«ምትኬ ወፍራለች» ያልኩ ቀን

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ የዕረፍት ደወል እንደተደወለ። ወሩ ጥቅምት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በየካ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ወሬ ነበር። አሁን አራት ዓመት አልፎታል። የዚያን ቀንና የማግሥቱን ነገር ግን ለማንም አውርቼው አላውቅም። መጻፍ ከመናገር ስለሚቀለኝ ዛሬ ልጽፈው ነው።

የመጫወቻው ሜዳ ከክፍሎቹ በላይ፣ ባሕር ዛፉ አጠገብ ነው። ልጆቹ ዳገቱን በሩጫ ሲወጡ የስምንት ዓመቷ ተማሪዬ ምትኬ መሀል ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል።

«ጆንያው ተቀመጠ! ተሸካሚ ጥሩ!» እያሉ ልጆቹ ተንጫጩ።

እሷም አብራቸው ሳቀች። «እትዬ፣ ትንሽ ላርፍና እወጣለሁ» አለችኝ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ አልተነሳችም።

ስለ ልጆች አመጋገብ ተምሬ ነበር። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ልብን እንደሚያደክም፣ ከወላጅ በቀርም ቀድሞ ሊከላከለው የሚችል እንደሌለ በደብተሬ ጽፌአለሁ። ስለዚህ ምትኬ ለምሳ ስትወጣ አብሬአት ሄድኩ። ዓይነ አፋር ስለሆንኩ ለወላጆቿ የምናገረውን መንገድ ሙሉ ሳጠና ነበር።

አባቷ አቶ ደገፋ ሾላ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸው አልነበሩም። እናቷ እትዬ በላይነሽ በደስታ ተቀበሉኝ። ምሳ እስኪቀርብ ብለው ለልጅቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ጭኮ፣ በሳህን ሰጧት። ለእኔም ሊሰጡኝ ሲሉ ስለ ምትኬ ጤና ላነጋግራቸው እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

«ጤናዋማ ይመስገን» አሉ። «ከሷ በፊት ሦስት ቀብሬአለሁ፣ አስተማሪዬ። ሁሉም እንደ ክር ቀጥነው ነው የሞቱብኝ። በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ ‹ይህ ልጅ ምግብ አላገኘም፤ እናት አይደለሽም እንዴ? አታበዪም?› አለኝ። ያውም ሰው ፊት! በይቺ እንኳ ማንም እንዲያ አይለኝም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ወይም ሌላ አነጋገር መፈለግ ነበረብኝ። እኔ ግን ያጠናሁትን እንዳልረሳው ስለፈራሁ ልጅቱን ከእግሯ እስከ ራሷ እያየሁ «ምትኬ በጣም ወፍራለች፤ ሰውነቷ ከዕድሜዋ በላይ ነው» አልኩ።

እትዬ በላይነሽ ልጃቸውን ሳብ አድርገው በነጠላቸው ሸፈኗት።

«እንትፍ እንትፍ በይባት» አሉኝ።

ልማዱን አውቀዋለሁ። ወፍራም ልጅ ያየ ሰው፣ ዓይኑ እንዳይጎዳት እንትፍ ይላል። የገዛ እናቴም ታደርገዋለች። አንድ ትንፋሽ ነው፤ ምንም አይጎዳኝም ነበር። ግን የተማርኩ ነኝ ብዬ አፈርኩ።

«እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ እትዬ» አልኩና ጭኮውንም ቅቤውንም ቀነስ እንዲያደርጉ መክሬ ወጣሁ። አልሸኙኝም።

ከሰዓት በኋላ ምትኬ ወደ ክፍል አልተመለሰችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቶ ደገፋ የተከራየሁት ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«አትቀየሚኝ፣ አስተማሪ» አሉ። «ልጅቱ ታመመችብን። አንቺ እንደወጣሽ እናቷ ‹ትከሳብኛለች› ብላ ሌላ ሳህን ሙሉ ጭኮ አበላቻት። ወዲያው ያስመልሳት ጀመር። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ‹ያቺ አስተማሪ በዓይኗ በልታት ነው› ይላል።»

«ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፣ አቶ ደገፋ። የበዛባት ምግቡ ነው።»

«ሐኪሙ እኮ ነው አብሉ ያለን!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ እንኳ አላምንበትም። እሷ ግን ሦስት የቀበረች እናት ናት። ከነጠላሽ ጫፍ ጣት የምታህል ብትሰጭን አጭሳ ታጥናትና ልቧ ያርፋል። ሌላ አልጠይቅሽም።»

በዓይኑ የበላ ሰው ልብስ ሲታጠን በሽታው ይለቃል ይባላል። ጨርቁን ብሰጥ ልጃቸውን በዓይኔ እንደበላሁ አመንኩ ማለት ነው፤ ስለ ምግብ የተናገርኩትንም ከእንግዲህ የሚሰማኝ የለም። ብከለክል ደግሞ ልጅቱ የሆነ ነገር ብትሆን ገዳይዋ እኔ ነኝ። ጠዋት እራሴ እመጣለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ምትኬ ፋሲካ ሳይደርስ ትምህርቷን አቆመች። ዳገቱን አልቻለችም ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንደ እሷ ያለ አንድ ሁለት ልጅ ክፍሌ ውስጥ አያለሁ። ወላጆቻቸውን ላነጋግር እነሳና እተወዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያ ማግሥት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትምህርት ሳይጀመር እነምትኬ ቤት ሄድኩ። እትዬ በላይነሽ መቀስ ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። የነጠላዬን ጫፍ ራሴ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ፍም ላይ አድርገው ልጅቱን አጠኗት። አሳላት፣ አነጠሳት፣ ቀና ብላም «እማ፣ ራበኝ» አለች።

እናትየው እልልታቸውን አቀለጡት። እኔንም አቅፈው ሳሙኝ። ቂም እንደሌለኝ እንዲያዩ በእጄ እንዳጎርሳት ለመኑኝ። ጨጨብሳው ቀረበ፤ ቅቤው ከሳህኑ ጠርዝ ይፈስሳል። አንድ አጎረስኳት።

«አንድ ያጣላል፣ አስተማሪዬ» አሉ እየሳቁ። «ጨምሪላት እንጂ!»

ምትኬ አፏን ከፍታ ትጠብቀኝ ነበር። ጨመርኩላት።