አየር የያዘው የኋላ ፍሬን

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ሸሕዲ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርሁ። እዚያ ከመርፌና ከክሎሮኪን ሌላ አንድ ሙያ ተማርሁ፤ ከሞተር ሳይክል የኋላ ፍሬን አየር ማስወጣት። ተማርሁ ማለቴ ለወጉ ያህል ነው። እያወቅሁ ነበር የማበላሸው።

ሞተሩን የሚነዳው የወባ መቆጣጠሪያ ሠራተኛ ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ከአንዱ የእርሻ ካምፕ ወደ ሌላው እየዞረ የሠራተኛውን ደም ሲወስድ ይውልና አሥር ሰዓት ገደማ አቧራ ለብሶ ይመጣል። ደም የተቀባባቸውን መስታወቶች እየቆጠረ ያስረክበኛል፤ እኔ በማይክሮስኮፕ አያቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያስረክበኝ ወደድሁት። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው እንጂ ፍሬኑ ምን ያደርግልኛል! በሽተኛ ላይ የምጮኸው ሴትዮ እሱ ፊት ስደርስ ምላሴ ይተሳሰር ነበር።

አንድ ጥቅምት፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደው ሰው በንዳድ እየተንቀጠቀጠ ግቢያችንን ሞልቶት ሳለ፣ በወሎው ልጅ ስም ደብዳቤ መጣ። ሞተሩን ጎንደር ወስዶ እንዲያስረክብ፣ ከዚያው ደግሞ ለሕክምና ሥራ ወደ ጦር ግንባር እንዲሄድ ያዛል። ከእኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ በደብዳቤ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላውቅም ነበር።

ሞተሩ ግን የኋላ ፍሬን አልነበረውም። የሌሎቹ የኋላ ፍሬን በዘንግ እየተጎተተ የሚይዝ ነው፤ ይኼኛው በእርዳታ የመጣ አዲስ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም በዘይት ነው የሚሠራው። የኋላው ቱቦ መጋጠሚያ ላልቶ ዘይቱ መንገድ ለመንገድ ፈስሶ አልቋል። በፊት ፍሬን ብቻ ደግሞ የጎንደርን መንገድ የኮረት ቁልቁለት የሚወርድ የጠገበ ሰው ነው። መጋጠሚያውን አጠበቀና፣ ዘይት ሸሕዲ ስለማይገኝ በጭነት መኪና መተማ ዮሐንስ ወረደ። በማግስቱ ከሱዳን ነጋዴ የገዛውን አንድ ጣሳ የፍሬን ዘይት ይዞ መጣ።

«ነጋዴው ምን አለኝ መሰለሽ?» አለኝ ጣሳውን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠ። «ደብዳቤውን አሳየሁት። ‹ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዘይት ተሸክመህ ወዴት ነው? ሱዳን ማዶ ናት፣ ገላባት ያቻትና፣ ተሻገር› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልኸው?»

«ዕቃ ረስቻለሁ አልሁት።»

ድንበር ላይ ቆሞ፣ ያን ደብዳቤ በኪሱ ይዞ የሚመለስ ሰው ምን ዕቃ ነው የረሳው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። «ምሳ በልተሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። እስከ ዛሬ ይህ ጥያቄ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እሳደባለሁ።

ከሥራ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሞተሩን አቁሞ የፍሬኑን ዘይት ሞላ። ባዶ የግሉኮስ ጠርሙስ ከነቱቦው ሰጠሁት። የቱቦውን ጫፍ ፍሬኑ ላይ ያለች ትንሽ ብሎን ላይ ሰካና «አየር ይዟል፣ ለዚህ ነው ፔዳሉ እንደ ሊጥ የሚሰምጠው» አለኝ። «አንድ ሰው ይረግጣል፣ አንድ ሰው ብሎኑን ይፈታል። ትረጂኛለሽ?»

«ርገጪ፣ ርገጪ፣ ያዢ!» ይላል። ፔዳሉን በቀኝ እግሬ ደጋግሜ ረግጬ እይዛለሁ። ብሎኑን ግማሽ ዙር ሲፈታው ዘይቱ ከነአረፋው ወደ ቱቦው ይገባል፤ መልሶ ያጠብቀውና «ልቀቂ» ይለኛል። ብሎኑ ሳይጠብቅ እግሬን ካነሣሁ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን አደራ ብሎ ነግሮኛል።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ተሳስቼ ነው። ጭንቅላቱ ከጉልበቴ አጠገብ ነበር፣ የፀጉሩን አቧራ እያየሁ እግሬ ተንሸራተተ። አረፋው ሽቅብ ሲመለስ ሁለታችንም አየነው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ «አብሽሪ፣ እንደገና» አለኝ። እንዴት ያለ ጥሩ ቃል ነው እንደገና! ከዚያ በኋላ በየሦስቱ ርግጫ አንዴ እግሬ ይንሸራተት ጀመር። ፀሐይ ስትገባ «ነገ እንጨርሰዋለን» ተባብለን ተለያየን።

በማግስቱም አልጨረስነውም። እጁን ለማሳረፍ ሲቀመጥ ስለ እናቱ አጫወተኝ፤ ደብዳቤ የሚያነብላቸው ሰው ስለሌለ የሚልከውን ሁሉ ሳይከፍቱ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል አለ። እኔም ስለ ጎንደር ብርድ አወራሁ። በሁለት ዓመት ያላወራነውን በሁለት ቀን አወራን፤ ዋናው ነገር ብቻ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ ከቢሮው ወጥቶ አናታችን ላይ ቆመ። «ጓድ፣ ሞተሩ ዛሬም አልተነሣም? ነገ ጠዋት ካልሄድህ ለአውራጃው አስታውቃለሁ፤ የሚመጣውን ታውቀዋለህ» ብሎ ተመለሰ። የሚመጣውን እኔም አውቀው ነበር፤ መታሰር ነው፣ ከዚያም የባሰ አለ።

እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግሁ፤ ዛሬ እንኳ በደንብ ልይዝለት ነበር።

«ተይው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ከሞተሩ ጎን ቁጢጥ አለና በግራ መዳፉ ፔዳሉን ተጫነ፤ በቀኝ እጁ ብሎኑን ፈታ፣ አጠበቀ፣ መዳፉን አነሣ። እንደገና ተጫነ። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ አያለሁ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ቱቦው ውስጥ አረፋ ጠፋ፣ ፔዳሉም ጠጥሮ ቆመ።

«ለብቻ ይቻላል እንዴ?» አልሁት።

«የመኪና ነው ሁለት ሰው የሚፈልገው። የሞተር ሁሉም እጅ ሥር ነው።» ቀና ሳይል እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«ከመጀመሪያም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «የአንቺ እግርስ? እውነት ይንሸራተት ነበር?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በሩን ከፍቶ ቆሞልኝ ነበር፤ መግባት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ኩራት ይሁን ፍርሃት እኔ እንጃ፣ «ጫማዬ አንሸራታች ሆኖ ነው» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ። የተረፈውን ዘይት ክዳን አጥብቆ ሞተሩ ኮርቻ ላይ አሰረው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄደ። የግቢው በር ላይ ቆሜ ነበር። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘ፤ የኋላ መብራቱ በርቶ ጠፋ፣ ፍሬኑም በደንብ ያዘ። ከግንባር አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ሁለተኛ አልመጣም፤ እሱም አልመጣም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ይኸው ስንት ዓመቱ ሲበላኝ ይኖራል። እዚህ ዕድሜ ላይ ሆኜም ይናፍቀኛል፣ ለዚህ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

እንዲህ ሲናፍቀኝ መንገዱን እቆጥራለሁ። ከሸሕዲ እስከ ሱዳን ድንበር በሞተር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የሞተሩ ኮርቻም ሁለት ሰው ይይዝ ነበር።