የያለምወርቅ ዓይን

ሉማሜ ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ከአውቶቡስ የሚወርደው መንገደኛ ሁሉ ሽሮው በሸክላ ካልቀረበለት አይጥመውም። ድስቶቹን የምትሠራልኝ ያለምወርቅ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ከእናቷ ከወለተ ሰንበት ጋር ትኖራለች። ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ቡዳ ናት ይሏታል። የሚበሉት እነሱ፣ በላች የምትባለው እሷ።

ያለምወርቅ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ፊት አታይም። ሲያወሯትም የምታየው እጇ ላይ ያለውን ሸክላ ነው። የገበያ ጫጫታ ስለሚያማት ሥራዋን የሚሸጡላት እናቷ ናቸው። ሐኪም ኦቲዝም ነው፣ አብሯት የተፈጠረ ነው ብሏል። ሰፈሩ ግን ከሐኪም በላይ ያውቃል፤ «ዓይኗን የምትደብቀው ለምን ይመስልሃል?» ይባባላል። እጇ ግን ወርቅ ነው። ከእሳት የወጣውን ድስት መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ድምፁ ካልጣማት እኔ እንከን ያላየሁበትን ትሰብረዋለች። «ይሄ ይዋሻል» ትለኛለች። በዚህ ስንቴ ተናድጄባታለሁ።

አምና ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የሥልጠና ማዕከል ሸክላ እንድታስተምር ቀጠራት። «እኔ ስሞት ማን ገበያ ይወጣላታል?» እያሉ ሲጨነቁ የኖሩት እናቷ በደስታ አለቀሱ። ኃላፊው አቶ አብይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ ነገራት፤ አስተማሪ የሰው ዓይን ዓይን ማየት አለበት። እሷ ደግሞ የተባለችውን ቃል በቃል የምትይዝ ናት። ላብ እያጠመቃት በእናቷ ዓይን ስትለማመድ ሰነበተች።

በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዷ ያዘለችውን ሕፃንም ሳትዘል አየችው። በማግስቱ ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። ጉንፋን ነበር፤ ድኗልም። እናትየው ግን «አፍጥጣ አይታ በላችብኝ» አለች፤ ሌሎቹም አንማርም ብለው ወጡ። አቶ አብይ፣ የተማረው ሰውዬ፣ እኔ በዚህ አላምንም አለና አሰናበታት። ድስቶቿን ግን ለናሙና አስቀራቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ድስት ልወስድ ሄድኩ። ጭቃ እያሸች ነበር፤ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«እትየ፣ ሕፃኑን ምን ያህል ነበር ማየት የነበረብኝ?»

እናቷም በሩ ላይ ቆመው መልሴን ጠበቁ።