ሳልነግራት የቀረሁት ግማሽ

የንስሐ አባቴ በየዓመቱ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቤቴ ይመጣሉ። የማወጣውን አውጥቼ ስጨርስ ቀና ብለው ያዩኝና «ሌላስ ልጄ?» ይላሉ። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ብያለሁ። ሌላ አለ። ከነገርኳቸው ሁሉ የሚብሰው እሱ ነው፤ ለእሳቸውም፣ ለሚስቴም፣ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ጾምና ስግደት ቢያዙኝ አይከብደኝም ነበር። ግን አውቃቸዋለሁ፤ ከሁሉ አስቀድመው «ሂድና ለእሷ ንገራት» ነው የሚሉኝ። እሱን ፈርቼ ነው።

እሷ ማለት ታላቅ እህቴ አስካለ ናት። እኔ ደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እሷ እዚሁ ከተማ የልብስ ሱቅ አላት። የተወለድነው አንኮበር ነው። እሷን ግን በልጅነቷ መተሐራ የምትኖር አክስታችን ወስዳ አሳደገቻት። የዚያ አገር ውሃ ጥርስ ያበላሻል፤ ስትመለስ ጥርሷ ቡናማ ሆኖ ነበር። አባታችን ሲሞቱ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ቆሎ እየሸጠች እኔን አስተማረችኝ። ይህን የማነሳው እንድታዝኑልን ብዬ አይደለም። ያ የምኩራራበት እንግሊዝኛ በማን ላብ የመጣ እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

አስካለ ሳቂታ ናት። ልብስ መግዛት ያላሰበ ሰው እንኳ ጨዋታዋን ፈልጎ ሱቋ ጎራ ይላል። ስትስቅ ግን እጇ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል። የማያውቃት ሰው ጫት የምትቅም እየመሰለው ያሽሟጥጣት ነበር። ከፊት ደግሞ ፍንጭት ነበረች፤ የእናታችን ፍንጭት፣ እንዳለ ወደ እሷ የተሻገረ። «ፍንጭቱን እግዜር ሰጠኝ፣ ቀለሙን መተሐራ» ትል ነበር። የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ እጇን ሳታነሳ መሳቅ። ይህ ትልቅ ምኞት ነው? ለእሷ ትልቅ ነበር።

አንድ ቀን ስልኳ ላይ የኢስታንቡል የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ አየች። በአምስት ቀን ወተት የመሰለ ጥርስ፤ ሆቴሉም ከአየር ማረፊያ የሚቀበለው መኪናም ከእነሱ። መጀመሪያ እዚሁ ከተማ ያሉ አንድ አዛውንት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። «ጥርስሽ ጠንካራ ነው፤ የተበላሸው ቀለሙ ብቻ ነው። እዚሁ ቀስ እያልን እናስተካክለዋለን፣ አትቸኩይ» አሏት። ከቤታቸው ስንወጣ «ደንበኛ እንዳይቀርባቸው ነው» ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። አውሮፕላን አምሮኝ ነበር። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ቱርክ ልሄድ ነው ብዬ አውርቼ ጨርሼ ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ እጄን ያዘችና «እዚያ ስንደርስ አፌ አንተ ነህ» አለችኝ። «ነጭ ያድርጉልኝ፤ ፍንጭቴን ግን እንዳይነኩብኝ። ይቺን አደራ።»

አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ነበር። ያስተማርኩት ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ደግሞ አይቸኩልም። ሐኪሙ መናገር ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ሳይገቡኝ አለፉ። «ይቅርታ፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» ማለት ምን ነበረበት? ይህን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምረዋለሁ። አላልኩም። አስካለ ወንበሩ ላይ ተንጋላ በኩራት ታየኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። አንዴ ከነቀነቅኩ በኋላ አልገባኝም ማለት አፈርኩ፤ ደግሜ ነቀነቅኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥፋቴ አለማወቅ ይሆን ነበር፤ ይህንም አልጽፍም ነበር። ሐኪሙ ሳይጠረጥረኝ አልቀረም። ከመሳቢያ የፕላስቲክ መንጋጋ አወጣ፤ በአንዱ ወገን ሙሉ ጥርስ፣ በሌላው ወገን ተሞርዶ ጉቶ የሆነ ጥርስ። እሷ ጣሪያውን ታይ ስለነበር አላየችውም። እኔ አየሁት። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በዝግታ ተናገረ። ጥርሶቿ ጤነኛ ናቸው። ሽፋን ለማልበስ ግን እንዲህ እንሞርዳቸዋለን። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፤ ነርቩም ሊሞት ይችላል። ገብቷታል ወይ? አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

«ምን አለ?» አለችኝ አስካለ።

«ጥርስሽ ጤነኛ ነው አለ።»

«ተመስገን። ፍንጭቴንስ ነገርከው?»

«ነግሬዋለሁ።»

ስለ ፍንጭቱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም ነበር። ወደ ሐኪሙ ዞሬ ገብቷታል አልኩት።

አልዋሸሁም እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ደለልኩ? ጥርስሽ ጤነኛ ነው ማለቱ እውነት ነው። ግማሹን ነገርኳት፤ ሌላውን ግማሽ እኔ ዋጥኩት። ለምን? ብነግራት ከወንበሩ ላይ ብድግ እንደምትል አውቅ ስለነበር ነው። አስካለን አውቃታለሁ፤ ጤነኛ ጥርስ አታስሞርድም። ከዚያ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን፤ መምህራኑም ይጠይቁኛል። ለዚህ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አራት ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም። ወረቀት ሲቀርብ የምትፈርምበትን ቦታ በዚህ ጣቴ አሳየኋት። ስድስተኛ ክፍል ላይ የተወችውን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመች ስሟን ጻፈች። ከሥሯ ለእኔም አንድ መስመር ነበረ፤ ፈረምኩ።

በአምስተኛው ቀን መስተዋት ሰጧት። ነጭ ነበር፤ ወጥ ነበር። ምላሷ ፊት ለፊት ሄዶ የሆነ ነገር ሲፈልግ አየሁ። «ፍንጭቴስ?» አለችኝ። ግድ ሆኖባቸው ነው የዘጉት አልኳት፤ ሁለተኛው ውሸት። ፊቴን አየች። የተከፋሁ ሳይመስላት አልቀረም። «ይሁን ወንድሜ፣ ነጭ ሆኗል እኮ» ብላ እኔን አጽናናችኝ።

ያን ዓመት ጥምቀትን አንኮበር ዋልን። አስካለ ከሴቶቹ ጋር እየጨፈረች፣ እጇን ወደ አፏ ሳታመጣ ስትስቅ አየኋት። የምትመኘውን አገኘች። እኔም እግዜር አለፈኝ ብዬ ነበር። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ ሳቅ ነው፤ ሕመሟ እንኳ እንደሱ አያሳድደኝም።

ሕመሙ የጀመራት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ አፏ ሲገባ ትጮህ ጀመር። ድዷ አበጠ፤ መግል ያዘ። ለክሊኒኩ መልእክት የምጽፈው እኔው ነበርኩ። «ተመልሳችሁ ኑና እናያታለን» አሉ፤ በኋላ መልስ መስጠቱንም ተዉት። ባሕር ማዶ ያለን ሐኪም ማን ሄዶ ይይዘዋል? አዲስ አበባ ሽፋኑን ሲያነሱት ከሥሩ ያ የፕላስቲኩ ጉቶ ነበረ፤ አሁን ግን ጠቁሮ፣ ሞቶ። ዘጠኝ ጥርስ ነቀሉላት። ሐኪሟ ተናዳ «ጤነኛ ጥርስ እንደሚሞርዱ አልነገሯችሁም?» ስትል አስካለ ያበጠ አፏን ይዛ መለሰችላት።

«አልነገሩንም። ወንድሜ እኮ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ቢነግሩት ይነግረኝ ነበር።»

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። መሬት መሬቱን አየሁ።

ዛሬ የሚወለቅ ጥርስ አላት፤ አልገጥም እያለ ድዷን ይልጣታል። ስትበላ ጀርባዋን ትሰጠንና ብርጭቆ ውስጥ ታኖረዋለች። ያ ብርጭቆው ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሳይቀር ይመጣብኛል። «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ ለተማሪዎቹ የቡድን ሥራ ሰጥቼ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ። ሱቁ ውስጥ አሁን በነጠላዋ ተሸፋፍና ነው የምትቀመጠው። ጥርስ ባዳ ነው፣ ልብ እያዘነ ይስቃል ይባላል፤ የእሷ ግን መሳቁንም ተወ። ሲያማት «ያን ሐኪም እግዜር ይይለት» ትላለች። ሐኪሙ ተናግሮ ነበር። እርግማኑ የእኔ ነው፤ በየቀኑ ካጠገቧ ቁጭ ብዬ እቀበለዋለሁ።

ይህን ዛሬ የምጽፈው ባለፈው እሑድ በሆነው ነገር ነው። የጎረቤቷ ባለሱቅ ልጅ ሰርጓ ደርሷል፤ እሷም ለጥርሷ ወደዚያው አገር ልትሄድ ታስባለች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት። አስካለ ልትመክራት ጠራቻትና ከሣጥኗ ያን የፈረመችበትን ወረቀት አወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ጠፍቷል ብዬ ነበር። «እስቲ ተርጉምላት፤ እንዴት አድርገው እንዳታለሉን ትስማ» ብላ ሰጠችኝ። መነጽሬን ረስቻለሁ አልኩ። ልጅቷ «አምጡት ጋሼ፣ እኔ ላንብበው» ብላ እጇን ስትዘረጋ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በደንብ ተርጉሜ አመጣዋለሁ አልኳቸው። አስካለ አመነችኝ። መቼ ሳታምነኝ ቀርታ ታውቃለች?

ተርጉሜዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሐኪሙ የተናገረው ሁሉ አለበት፤ መሞረዱም፣ አለመብቀሉም፣ የነርቩም መሞት፣ ከፊት ያለው ክፍተት እንደሚዘጋም። ከዚያ የእሷ ፊርማ። ከሥሩ ደግሞ ያን ቀን ሳላነብ ያለፍኩት መስመር፦ «ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ለታካሚዋ በምትረዳው ቋንቋ አስረድቻለሁ።» እዚያ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

አደራ በላ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አይደለም፣ አውቄ ነው። ይቅር በይኝ አልላትም። አውቃታለሁ፤ ቶሎ ትለኛለች፣ እንደ መስተዋቱ ቀን መልሳ እኔን ታጽናናለች። ያንን ደግሞ ልወስድባት አልፈልግም። አባ ሁዳዴ ሲገባ «ሌላስ?» ሲሉኝ መልስ ይኖረኛል፤ እሳቸው ግን ሁለተኛ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቷ እሄዳለሁ፤ ልጅቷም እንድትመጣ ልኬባታለሁ። ወረቀቱን እዘረጋና እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦

«እታለም፣ ያን ቀን ‹ምን አለ?› ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር።»